የአራት ቅዳሜው የሳይኮሎጂ ሥልጠና፤ ሀዋሳ ላላችሁ ወላጆች

ወንድሜ ሲቆጣ እኛ ቤት የሚባለው ያው ነው፤ «ዘር ከልጓም ይስባል፣ ቁርጥ አባቱን!» አሁን ደግሞ የሰባት ዓመት ልጁ ዕቃ ሲወረውር ለእሱም ይኸው ተረት ተጀመረለት። ፒያሳ አካባቢ አንድ የሥልጠና ማዕከል ስለ ዘር፣ ስለ አንጎልና ስለ ሰው ባህሪ አስተምራለሁ ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ በዚህ የተነሳ ተመዘገብኩ። አራት ቅዳሜ ነው፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

ምርጡ ሁለተኛው ቅዳሜ ነበር፤ የመንትዮቹ። ተመሳሳይ መንትዮች ጂናቸው፣ ማለትም ከወላጅ የወረሱት የዘር መመሪያ፣ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የማይመሳሰሉት ግን እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት በአማካይ ግማሹን ነው የሚጋሩት። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በ1979 እ.ኤ.አ. ተለያይተው ያደጉ መንትዮችን ማጥናት ጀመሩ፤ ተመሳሳዮቹ ለየብቻ አድገውም በጠባይ በጣም ይቀራረቡ ነበር። በቃ፣ ተረቱ ልክ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አሰልጣኙ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን ከባድ የአእምሮ ሕመም አነሱ። ከተመሳሳይ መንትዮች አንዱ ሲታመም የሌላው ዕድል ከማንም ሰው እጅግ ይበልጣል፤ ግን ብዙ ጊዜ ሌላው ሳይታመም ይኖራል። ጂኑ ያው ሆኖ!

ፒኬዩ የሚባለውም ከአእምሮዬ አልጠፋም። በዘር የሚመጣ ችግር ነው። የሕፃኑ ሰውነት ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ፌኒልአላኒን የሚባል ንጥረ ነገር መሰባበር ስለማይችል ተጠራቅሞ አንጎሉን ይጎዳዋል። እንደተወለደ ታውቆ ምግቡ ከተስተካከለ ግን አእምሮው በደህና ያድጋል። ጂኑን ማንም አልነካውም፤ የተለወጠው ምግቡ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ታዲያ የልጄ ቁጣ ስንት ፐርሰንቱ ከእኔ ነው?» ብለው ጠየቁ። አሰልጣኙ ፐርሰንቱ የሚናገረው በብዙ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት እንጂ ስለ አንድ ልጅ እንዳልሆነ ረጋ ብለው አስረዷቸው። ለዚህ መልስ ብቻ የከፈልኩት ብር አይቆጨኝም።

ቅሬታም አለኝ። ሃንድአውቱ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ ያሳዝናል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ስለሌለ ሦስተኛውን ቅዳሜ ግማሹን አጣነው። የፊንያስ ጌጅ ታሪክም ተቆርጦ ነው የቀረው። በ1848 እ.ኤ.አ. የብረት ዘንግ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ የወጣ የባቡር ሀዲድ ሠራተኛ ነው፤ ጠባዩ ተለወጠ ተብሎ እዚያው ላይ ቆመ። ሰውየው ግን በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነድቷል። ይህ መነገር ነበረበት፤ ክፍሉ ውስጥ ጭንቅላቱን የተጎዳ ዘመድ ያለው ሰው ቢኖርስ?

የሆርሞኑ ክፍል በችኮላ አለፈ፣ ብዙም አልያዝኩም። የምትሄዱ ከሆነ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ያዙ፤ ለጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ወንድሜን ለሚቀጥለው ዙር አስመዝግቤዋለሁ። መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር። የፒኬዩውን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።