በቱሉ ዲምቱ የቤተሰብ ታሪክ ማስጻፍና ማስጠረዝ፦ ለአስታማሚ ወላጅ

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለው ይህ የጽሕፈትና የጥረዛ ቤት የሚበዛበት የመመረቂያ ጽሑፍና ማመልከቻ ነው። ልጁ በጠና ታሞበት አልጋው አጠገብ የቤተሰቡን ታሪክ ለሚያሰባስብ ወላጅ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ በስልክ የተቀዳ ድምፅ በቴሌግራም ተቀብሎ ይተይባል። ድምፁን አሥር አሥር ደቂቃ እየከፈሉ ይላኩ፤ የሰዓት ቅጂ ከሆነ መሃሉ ተዘሎ ይቀራል። ታይፒስቷ ታጋሽ ናት።

ስም ላይ ግን ጆሮ አይታመንም። «ኃይሉ» «ሀይሉ»፣ «ሣህሉ» «ሳህሉ» ሆኖ ይመጣል። ሰባት ቤት የሚቆጠርበትን ዝርዝር ከነክርስትና ስሙ በእጅ ጽፈው ፎቶውን ይላኩ። ዓመትም ያሳስታል። የካቲት 1966 በፈረንጅ 1974 ነው፤ መስከረም 1967ም ያው 1974 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው፣ ከዚያ ወዲህ 8።

ፎቶ ካልተነገራቸው በ200 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ነው ስካን የሚያደርጉት፤ ለትንሽ ፎቶ አይበቃም። 3 በ4 ሳንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶ በ600 ከተነሣ፣ በ300 ሲታተም ሳይደበዝዝ 6 በ8 ይሆናል። ከሚጣበቅ አልበም ላይ አይላጡት፤ ላስቲኩን ገልጠው ከነገጹ ስካን ይደረግ። የጀርባውን ጽሑፍም አይርሱ። የሻገተ አልበም ልጁ ወዳለበት ክፍል ፈጽሞ አይግባ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም ሻጋታ ሳንባው ላይ ከባድ ኢንፌክሽን ሊያመጣበት ይችላል። እሱ የሚያየው አዲሱን ኅትመት ይሁን።

ቤቱ የሚያሞግሰው ጠንካራ ሽፋን ያለውን ጥረዛ ነው። ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ተኝቶ ለሚያነብ ልጅ ይከብዳል፣ ተዘርግቶም አይቀመጥም። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለውን የፕላስቲክ ስፓይራል ይጠይቁ፤ ማሽኑ ላይ ተከፍቶ ገጽ ይጨመርበታል። ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት አንዱ 5 ግራም ያህል ነው፤ 30ው ለሁለት ሲቆረጥ 60 ቅጠል ይወጣዋል፣ ክብደቱም 150 ግራም ብቻ። የደከመ እጅ ይችለዋል። የፊደሉ መጠን 16 ይሁን፣ ሽፋኑ ላሚኔት ይደረግ፤ በአልኮል ይጠረጋል።

ከመክፈልዎ በፊት ፋይሉን በዩኒኮድ (በማንኛውም ስልክና ኮምፒውተር በሚነበብ) ፊደልና በፒዲኤፍ በፍላሽ ይቀበሉ። በድሮ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ከተጻፈ ስልክ ላይ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። መብራት ከጠፋ ሥራ ስለሚቆም ከሆስፒታል ከመነሣትዎ በፊት ይደውሉ። ከልጁ ስም ቀጥሎ አሥር ባዶ ቅጠል ያስገቡ፤ ታሪኩ ሲነበብለት የሚጠይቀው እዚያ ይጻፋል።