የጡንቻ ዝለት ለመለካት፦ የኢኤምጂ ቦርድ ወይስ የጭብጥ መለኪያ?

ኮምቦልቻ የስፌት ፋብሪካዎች ውስጥ ከሚሠሩ የሥራ ደህንነት ባለሙያዎችም፣ ደሴ ካሉ ፊዚዮቴራፒስቶችም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ሲገፋ የሚውል እጅ መዛሉን በምን እንለካ? ባለ መርፌውን የሃይድሮሊክ ጭብጥ መለኪያ (እጅ ሲጨብጥ የሚያሳርፈውን ኃይል በኪሎ የሚያሳየውን) ግዙ።

የኢኤምጂ ቦርድ (የጡንቻን የኤሌክትሪክ ሞገድ ከቆዳ ላይ የሚያነበው) ርካሽ የሚመስለው የሚነገረው የቦርዱ ዋጋ ብቻ ስለሆነ ነው። ለአንድ ጡንቻ 3 ተለጣፊ ኤሌክትሮድ ይበላል። 10 ሠራተኛ፣ ሁለት ሁለት ጡንቻ፣ ጠዋትና ማታ ቢለካ በቀን 120 ነው፤ በ10 ቀን 1,200፣ ማለትም ባለ 50ው እሽግ 24 ጊዜ ይገዛል። የእሽጉን ዋጋ በ24 አባዙና ከቦርዱ ዋጋ ጋር ደምሩት። ለቁጠባ ብሎ አንዱን እንደገና መለጠፍ አያዋጣም፤ ጄሉ ይደርቃል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት የሚያመጣው ላብም ያላቅቀዋል። ቦታው ትንሽ ከተዛወረ ደግሞ የጠዋቱና የማታው ውጤት አይወዳደርም።

ከዚህ የከፋው፣ ብዙዎቹ ርካሽ የቦርዱ ኮፒዎች የሚያወጡት የለሰለሰ ሞገድ (ፈጣን ውጣ ውረዱ የጠፋ) ነው። ዝለት የሚታወቀው የሞገዱ ድግግሞሽ ሲወርድ ነው፤ ይህ ከለሰለሰ ሞገድ አይሰላም። ጥሬ ሞገድ የሚያወጣውም ቢሆን በቀላል ሥራ ላይ ያሳስታል፤ አዳዲስ የጡንቻ ክሮች ሥራውን ስለሚጋሩ ድግግሞሹ ላይወርድ ይችላል። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ከተሰካ ደግሞ የመብራቱ 50 ኸርዝ ይገባበታል።

የጭብጥ መለኪያ አላቂ ዕቃ የለውም። ግን ከፍተኛውን ጭብጥ ብቻ አትመኑ። በቀላል ሥራ የሚደክሙት መጀመሪያ ተነስተው መጨረሻ የሚያርፉት ትናንሽ ክሮች ስለሆኑ፣ ከፍተኛው ጭብጥ ማታም እንደ ጠዋቱ ሊሆን ይችላል። ክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ መያዣው ከሚስተካከልባቸው ቦታዎች 2ኛው ላይ ሆኖ፣ ሥራ ሳይጀመር 3 ጊዜ በየመሀሉ 1 ደቂቃ እያረፉ ማስጨበጥ፤ አማካዩን መውሰድ። አማካዩ 30 ኪሎ ከሆነ፣ ትንሽ ካረፉ በኋላ መርፌውን 9 ኪሎ (የአማካዩ 30 በመቶ) ላይ እንዲያቆዩ አድርጎ፣ መርፌው ወርዶ መመለስ እስኪያቅታቸው ሰዓት መያዝ። ማታም በዚያው በ9 ኪሎ መድገም፤ አዲስ ስሌት አያስፈልግም። ከጎኑ በቦርግ መለኪያ ድካሙን ከ0 እስከ 10 አስነግሩ፤ ይህ ወረቀት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሰዓቱ አጥሮ ቁጥሩ ከጨመረ እጁ ዝሏል። ከፍተኛውን ብቻ ይዞ የሚቀር ርካሽ ዲጂታል ለዚህ አይሆንም።

ሃይድሮሊኩም ኮፒ አለው። ከመክፈላችሁ በፊት ቢጫ ጀሪካን ከመያዣው መሀል በጠፍር አንጠልጥሉ፦ መጀመሪያ 10 ሊትር ውኃ፣ ቀጥሎ 20። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት 10 ኪሎ መሆን አለበት፤ የጀሪካኑ ክብደት በልዩነቱ ይወጣል። ከዚያ ሳትነኩ 2 ደቂቃ ጠብቁ። ጀሪካኑ እንደተንጠለጠለ መርፌው ቀስ እያለ ከወረደ ጎማው ዘይት ያሳልፋል። ይህ ስህተት በሠራተኛው እጅ ላይ ሲታይ ከዝለት አይለይም፤ ስለዚህ በቅናሽም ቢሆን አትውሰዱት።