ራቭ ፎር ወይስ አይዲ ፎር? ሁለቱንም ይዤ ያየሁትን ልንገራችሁ

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ፣ ትናንት ማታ ደግሞ የባለቤቴ ወንድም ደውሎ "ጋሼ ያቺን 2003 ሞዴል ራቭ ፎር ልያዛት ወይስ ተበድሬም ቢሆን አይዲ ፎር ልግዛ?" አለኝ፣ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩት። የቶዮታን የቤንዚን መኪና ራቭ ፎር አራት ዓመት ነድቻለሁ፣ የቮልስዋገንን የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ ፎር ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሶስት ልጆችና እናቴን ነው የማመላልሰው።

መልሴን መጀመሪያ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ የምትኖሩ ከሆነ፣ ግቢ ውስጥ የራሳችሁ ቆጣሪ ካላችሁ፣ ክፍለ ሀገር የምትወጡት በዓመት አንዴ ሁለቴ ከሆነ አይዲ ፎር ግዙ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያላችሁና መኪናው ታች ከሰው ጋር የሚያድር ከሆነ ግን አትሞክሩት፣ በየሳምንቱ ቻርጅ ፍለጋ መዞር ከቤንዚን ሰልፍ አይሻልም።

አሁን ወደ ብሩ። ራቭ ፎሯን የገዛሁት በ2012 መጨረሻ ነው፣ የኤክሳይስ ታክሱ አዋጅ ወጥቶ አሮጌ መኪና እስከ 500 ፐርሰንት የተጣለበት ዓመት፣ 1 ሚሊዮን 150 ሺህ ከፈልኩ። ግንቦት 2016 ላይ በ2 ሚሊዮን 300 ሺህ ሸጥኳት፣ ማለትም አራት ዓመት ነድቻት በእጥፍ ሸጥኩ። ይሄ የራቭ ፎር ትልቁ ጥቅም ነው አልክድም፣ ጠዋት ለደላላ ብትደውሉ ከሰዓት ገዢ በር ላይ ነው። አይዲ ፎሩን በ4 ሚሊዮን 100 ሺህ ገዛሁት፣ ሁለት ወር ብዘገይ ኖሮ አልችለውም ነበር ምክንያቱም ሐምሌ ላይ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ።

ግን ሰው የመግዣውን ብቻ ያያል። እኔ በወር 1,100 ኪሎሜትር ያህል እነዳለሁ፣ ራቭ ፎሯ በመገናኛና በቦሌ መጨናነቅ በሊትር 8 ኪሎሜትር ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ በወር 135 ሊትር ገደማ። በ2014 ታህሳስ ቤንዚን 31 ብር ከምናምን እያለ ይሄ 4,300 ብር አካባቢ ነበር፣ በ2017 ሊትሩ 101 ብር ከ47 ገባ፣ አሁን ደግሞ 120 አልፏል፣ ስለዚህ ያቺው መኪና ዛሬ ከ16 ሺህ ብር በላይ በወር ትጠጣለች። አይዲ ፎሩ ለዛው መንገድ የሚበላው 200 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ የመብራት ካርድ ደረሰኞቼን እያስቀመጥኩ ነው፣ በመኪናው ምክንያት የጨመረብኝ ከ1,500 ብር በልጦ አያውቅም። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሶስት ወሩ እየጨመረ ነው፣ ምጣድ የምትጠቀሙ ቤቶች በተለይ በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት ስታልፉ መደቡ ስለሚቀየር እሱን አስቡበት፣ ሆኖም ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም። የሞተር ዘይት የለ፣ የዘይት ፊልትሮ የለ፣ ካንዴላ የለ።

ራቭ ፎሯ ላይ የተቃጠልኩትን ካልነገርኳችሁ ግን አይገባችሁም። ስገዛት በጠዋት ነው ያየኋት፣ ሞተሯ ሞቃ ነው ያገኘኋት፣ "አሁን ከሱቅ መጥቼ ነው" አለኝ ሻጩ፣ አመንኩት። በሶስተኛው ሳምንት የእንጦጦን ዳገት ስወጣ ሙቀቱ ተሰቀለ። መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ነክሮ አሳየኝ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር፣ ሲያሹት የሚያብረቀርቅ፣ ፍሳሽ ለማፈን የሚጨመር ዱቄት ነው አለኝ። ቀድሞ ሞቆ የተበላሸ ሞተር ለሽያጭ ተደፍኖ ነው የመጣው። ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ ጓርኒሲዮኑ (ከስሩ ያለው ማሸጊያ) ተቀየረ፣ ሁለት ሳምንት ቆማ በዚያን ጊዜ ብር 46 ሺህ አወጣሁ። ስለዚህ አሮጌ መኪና ስታዩ ሳትነሳ ያደረች፣ ሞተሯ የቀዘቀዘ መሆኑን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ፣ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ሂዱ። ኪሎሜትሩን ደግሞ ጨርሶ አትመኑት፣ የሚያስቆርጠው ብዙ ነው፣ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክና የመሪው ቆዳ አበላል የተሻለ ይናገራል።

ሌላው ኮፒ ዕቃ ነው። የፊት ፍሬን ሸራ ኦርጅናል ነው ተብዬ በካርቶኑ ገዛሁ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ብረቱ ዲስኩን ይፍቅ ጀመር፣ ልጆቼ ከኋላ ጆሯቸውን ይዘው ነበር ቁልቁለት የምንወርደው። ዲስኩም አብሮ ተበላሸ፣ 1,800 ብር አተረፍኩ ብዬ 14 ሺህ ከፈልኩ። ከዛ በኋላ ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና የወጣ ኦርጅናል እፈልጋለሁ እንጂ አዲስ ኮፒ አልገዛም፣ ያገለገለው ይሻላል። ለራቭ ፎር ዕቃ ሞልቷል፣ የሚያውቃትም መካኒክ በየሰፈሩ አለ፣ ችግሩ ከሞላው ውስጥ እውነተኛውን መለየቱ ነው።

አይዲ ፎር ጋ ችግሩ ሌላ ነው፣ ዕቃው ራሱ የለም። ጎረቤቴ ፓራውልቱን (የፊት መከላከያውን) እና አንዱን የፊት መብራት ተገጭቶ ከቻይና እስኪመጣለት ሁለት ወር ተኩል ጠበቀ፣ የመጣው ደግሞ አልገጠመም። ምክንያቱም ቻይና ውስጥ ሁለት ዓይነት አይዲ ፎር ይመረታል፣ አንዱ ክሮዝ አንዱ ኤክስ፣ ፋብሪካቸው የተለያየ ነው፣ የፊት ፓራውልታቸው አይመሳሰልም። ሳትገዙ የቱን እንደሆነ ጠይቁ፣ ስታዙ ደግሞ በሻንሲ ቁጥሩ እዘዙ። ባትሪውንም እንደዛው፣ ትንሹ ከ60 ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው ትልቁ ከ80 በላይ፣ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ በትልቁ ዋጋ ትንሹን የሚሸጥ ስላለ መቶ ፐርሰንት ሞልቶ ስንት ኪሎሜትር እንደሚያሳይ እዩ። ቻይና ላይ የተጻፈውን 500 ምናምን ኪሎሜትር እርሱት፣ የኔ ትልቁ ባትሪ ነው፣ በከተማ 400 አካባቢ ይሰጠኛል።

ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ይዤ ሄጃለሁ፣ 130 ኪሎሜትር ነው፣ ዳገት ስለሚበዛው በ95 ፐርሰንት ባትሪ ወጥቼ በ57 ገባሁ፣ ስመለስ ግን 27 ፐርሰንት ብቻ በልቶ ቤቴ ገባሁ። ከዛ አልፎ ደሴ ድረስ ግን በሱ አልሄድም፣ መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጀር እርግጠኛ ሆኖ የሚጠበቅ አይደለም፣ ሆዱም ዝቅ ስለሚል ፒስታ (አስፋልት ያልሆነ) መንገድ ላይ ከስር ያለው ባትሪ ያሳስበኛል። ገጠር የሚመላለስ ሰው ራቭ ፎር ይያዝ፣ እዛ ላይ ክርክር የለኝም።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ የቻርጀር ገመድ ላይ ብር አትቆጥቡ። እኔ ርካሽ ገዝቼ ተራ ማከፋፈያ ላይ ሰክቼ ተኛሁ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እናቴ "የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል" ብላ ቀሰቀሰችን። ስወጣ ሶኬቱ እንደ ሻማ ቀልጦ ሁለቱ ጥርሶች ፕላስቲኩ ውስጥ ተጣብቀዋል፣ ግድግዳው ጠቁሯል፣ ልጆቹ የሚተኙት ከዛ ግድግዳ ጀርባ ነው። በማግስቱ ከቆጣሪው ቀጥታ 6 ሚሊ ሽቦ አስዘረጋሁ፣ ለብቻው ብሬከር፣ ግራውንድ፣ ሁሉም ተደምሮ 38 ሺህ ብር ሆነ። ይሄን 38 ሺህ የመኪናው ዋጋ ላይ ደምሩት።

ለባለቤቴ ወንድምም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ቅዳሜ ኤሌክትሪሺያን ይዤ ቤቱ ሄጄ መስመሩን እናያለን፣ መስመሩ ከቻለ እሁድ አይዲ ፎሩን ለማየት አብረን እንሄዳለን።