ኡበር ውስጥ ተጎዳህ፦ ራስህ ትደራደራለህ ወይስ ጠበቃ ትይዛለህ?

አሜሪካ ውስጥ ኡበር ወይም ሊፍት (Lyft) በሚባሉት በስልክ አፕ የሚጠሩ ታክሲዎች ተሳፍረህ ስትሄድ ግጭት ቢደርስብህ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የኢንሹራንስ ሽፋን አለ። ጥያቄው ማን ይጠይቅልህ ነው።

አንገትህን ትንሽ አሞህ በሳምንት ከዳንክ ራስህ ጨርሰው። የሐኪም ቢሉን፣ የፖሊስ ሪፖርቱንና የጉዞውን ደረሰኝ ስክሪንሾት ለኢንሹራንሱ ትልካለህ፤ ከሚከፈልህ ለጠበቃ የምታካፍለው የለም።

አጥንት ከተሰበረ፣ ከሥራ ከቀረህ፣ ወይም ሾፌሮቹ "ጥፋቱ የሱ ነው" እየተባባሉ ኢንሹራንሶቹ እንደ ኳስ ከተቀባበሉህ ግን ያለ ጠበቃ አትሞክረው። ብዙዎቹ ጠበቆች ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቁም፤ ገንዘቡ ሲገኝ ሲሶውን ገደማ ይወስዳሉ (አዎ፣ ያንገበግባል)።

ሕክምናህ ሳያልቅ "ሌላ አልጠይቅም" የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርም። ለመክሰስ ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ሜሪላንድ 3 ዓመት ነው የምትሰጥህ።