ሽሮ ሜዳ፦ ባለቤቷ ራሳቸው የሚያስታጥቡበት የጾም ምግብ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ስልጆ የሚያቀርብ ቤት ጥቂት ነው። ብዙ ቦታ የሚቀርበው በቅጡ ያልቦካ፣ ሰናፍጩም የማይታወቅ ነገር ነው። እዚህ ግን ጊዜ ተሰጥቶት ይቦካል። የባቄላው ዱቄት፣ የሱፉ ውሃና ሰናፍጩ ተዋህደው አፍንጫ ድረስ ይወጣሉ። ለስልጆው ብቻ መሄድ ያዋጣል። እኔን ግን ደጋግሞ የሚወስደኝ ሌላ ነገር ነው፤ የባለቤቷ አለቅነት።

ቦታው ሽሮ ሜዳ ነው። ከሀገር ባህል ልብስ ሱቆቹ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር። በሩ ላይ የተጻፈው «የጾም ምግብ አለ» ብቻ ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ተጠምቀው የሚወርዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ያርፋሉ።

ስትቀመጡ ማስታጠቢያ ይዘው የሚመጡት ባለቤቷ ናቸው። ስድሳን ያለፉ ይመስላሉ። ሠራተኞቹ «እትዬ» ይሏቸዋል። ፎጣውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ውሃ ያፈሳሉ። ሱፍ ለለበሰውም፣ ሲሚንቶ ሲሸከም ለዋለውም እኩል ነው። ሳሙናው እስኪለቅ ይጠብቃሉ። አይቸኩሉም።

እኔም በሥራዬ ሰው ስለማስተዳድር ዓይኔ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ያርፋል። በበዓል ቀን ሽርጥ አስረው ለሠራተኛ ዳቦ የሚቆርሱ አለቆች አይቻለሁ። ፎቶ ይነሣሉ፣ በማግስቱ ያው ናቸው። ስለዚህ ጎንበስ ማለት ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። የእትዬን ያመንኩት ወጥ በፈሰሰ ቀን ነው።

ዐቢይ ጾም ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ ቤቱ ጢም ብሏል። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ትሪ ይዞ በጠረጴዛዎቹ መሃል ሲሹለከለክ አንዱ ክርኑን ነካው። ምስር ወጡ አንድ አዛውንት ነጠላ ላይ ተገለበጠ። እንደ በረዶ የነጣ ነጠላ ነበር። ቤቱ ጭጭ አለ። ልጁ ባለበት ደርቆ ቀረ።

እትዬ ማስታጠቢያውን አስቀምጠው መጡ። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ገበያ ደራ ብዬ እዚህ መሃል ጠረጴዛ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ልጁ ማለፊያ የለውም» አሏቸው። ሁሉም እየሰማ ነው። ከዚያ የራሳቸውን ንጹሕ ነጠላ ከጓዳ አምጥተው አለበሷቸው፤ የቆሸሸውን ለማጠብ ተቀበሉ። ልጁን ደግሞ ቀስ ብለው፣ «ግባና ተጣጠብ፤ ከዚያ ሌላ ትሪ ይዘህ ና» አሉት። ቁጣ የለም፣ ግልምጫ የለም። ልጁ ሌላ ትሪ ይዞ ሲመጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አዛውንቱ ራሳቸው ተቀበሉት።

በሌላ ጊዜ ስሄድ ያ ጠረጴዛ ተነሥቷል። በጾም ሰሞን፣ ሰው በር ላይ ቆሞ ወረፋ በሚጠብቅበት ቤት፣ አራት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ማንሣት ማለት ገንዘብ ማጣት ነው። ይቅርታውን እውነት ያደረገው ይህ ነው።

ጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር ሲፈጸም ሁላችንም እናያለን። ጳጳሱ ወይም ካህኑ ዝቅ ብሎ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥባል። ጉልባናችንን ቀምሰን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምናልፋት ነገር አለች። ጌታ ከማዕድ ተነሥቶ ማበሻ ጨርቅ የታጠቀው አብ ሁሉን በእጁ እንደሰጠው እያወቀ ነው። ሥልጣኑን አልጣለም። አጥቦ ሲጨርስም ተመልሶ ተቀመጠ፤ መምህርና ጌታ መባሉ ልክ እንደሆነ ነግሯቸው አስተማራቸው። ትሕትና ማለት አለቅነትን መሸሽ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ እወዳለሁ። አለቃ «እኔ ማን ነኝና» እያለ ውሳኔ ሲያሳድር፣ የሚጎዳው ከታች ያለው ሰው ነው።

እትዬ አያሳድሩም። እጇ የሚጣፍጥ አንዲት ወጥ ሠሪ ነበረቻቸው። ዕቃ አጣቢዎቹን ግን ትሰድብ ነበር። መከሯት፣ በሽማግሌ አስመከሯት፤ አልሆነም። የወሩን ደሞዝ ሙሉ ከፍለው አሰናበቷት። ሌላ ሰው እስኪያገኙ ድረስ ምድጃው ላይ የቆሙት ራሳቸው ናቸው። አልከበደዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ዝም ብል ደግ የምባለው እኔ ነኝ። የምትሰደበው ግን ያቺ ምስኪን ናት» አሉኝ። ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። በተለይ ቢሮ ውስጥ አንዱ ሌላውን ሲያንቋሽሽ «ይብረድ» ብለን የምናልፍ ሰዎች ብንሰማው ጥሩ ነው።

ሌላም አለ። ቲፕ አንድ ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ማታ ዕቃ አጣቢዎቹም ጭምር ይካፈሉታል፤ እትዬ አይነኩትም። ሠራተኛው የሚበላው የዕለቱን እንጀራ ነው። ያደረ ካለ ፍርፍር ይሆንና ባለቤቷም አብረው ቀርበው ይበላሉ። ለሠራተኛ ያደረ፣ ለባለቤት ትኩስ የሚባል ነገር እዚያ ቤት የለም።

ወደ ምግቡ ልመለስ። በያይነቱው ላይ ክክ አልጫው፣ ምስሩ፣ አዚፋውና ቀይ ሥሩ ጥሩ ነው። ተጋቢኖው እየተንፈቀፈቀ ይመጣል። ሱፍ ፍትፍቱ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ ከጠበል ለሚመጣ ሰው እሱን እመክራለሁ። ጎመኑ ዘይት ይበዛዋል። ስነግራቸው ቆመው ቀመሱና «እኔው አይቼ ነው ያሳለፍኩት፤ እውነትዎን ነው» አሉ። ወጥ ሠሪዋን አልጠሩም፣ ስሟንም አላነሡም። ጎመኑ አሁን ትንሽ ተሻሽሏል፤ ገና ይቀረዋል። ቡናው መካከለኛ ነው።

ቅሬታ አለኝ። ሒሳብ የሚቀበሉት እትዬ ብቻ ናቸው። ማስታጠቡም የእሳቸው፣ ገንዘቡም የእሳቸው፣ ወጥ መቅመሱም የእሳቸው ነው። ሰው ሲበዛ በልቶ የጨረሰ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ለሰንበቴ የሄዱ ቀንማ መልስ የሚሰጥ ሰው ይጠፋል። አገልግሎት ሁሉን በራስ ትከሻ መሸከም አይመስለኝም። ዘጸአት 18 ላይ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር የምታደርገው መልካም አይደለም፤ ታማኞችን ሹም፣ ሸክሙን ያካፍሉህ አለው። ሙሴም ሰማው። የእስራኤል መሪ የአማቱን ምክር ተቀብሎ አሠራሩን ቀየረ። ይህን ለእትዬ አጫወትኳቸው። «ልጅቷ ቁጥር ጎበዝ ናት፤ ላስለምዳት» አሉኝ፣ ምስር ያፈሰሰውን ልጅ እህት እያመለከቱ። እሷም እዚያው ነው የምትሠራው። በቅርቡ ስሄድ ደረሰኙን የቆረጠችልኝ እሷ ናት፤ ወረፋውም ቀንሷል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤቱ የሚሞላው ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። መቀመጫ ከፈለጋችሁ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ድረሱ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋትም ክፍት ነው። ዋጋው ከሰፈሩ ቤቶች ትንሽ ይረክሳል። ክፍያ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይሆናል። መኪና ማቆሚያ የለውም። ስልጆው ቶሎ ያልቃል፤ ገና ስትገቡ እዘዙ።