ለአባባ ግራ ጎኑን የመለሰችለት ቴራፒስት (ሀዋሳ)

ሰላም የሀዋሳ ልጆች እንዴት ናችሁ። ይሄን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አባባን ባለፈው ጥቅምት ስትሮክ መታው፣ ግፊት እንዳለበት እናውቃለን ግን መድሃኒቱን ሻል ሲለው ይተወው ነበር፣ በቃ ግራ እጁና ግራ እግሩ ሰነፈ። ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፣ ፊዚዮቴራፒ ጀመረ፣ እግሩ ቀስ በቀስ መጣለት፣ ተመስገን በከዘራ መሄድ ቻለ።

ቤት ውስጥ ግን ያልገባን ነገር ነበር። ምግብ ሲቀርብለት ቀኝ በኩል ያለውን ብቻ በልቶ "ወጥ የለም እንዴ?" ይላል፣ ሽሮው እኮ ትሪው ላይ በግራ በኩል እንዳለ ነው። ጺሙን ሲላጭ ቀኝ ጉንጩን አጽድቶ ግራውን ትቶት ይወጣል፣ በር ሲገባ ግራ ትከሻው ከመቃኑ ጋር ይጋጫል። እኔ ደግሞ እግዜር ይቅር ይበለኝ "አባባ አታይም እንዴ!" ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። አይኑን አስመረመርን ደህና ነው ተባለ። አንድ ቦታ "እድሜ ነው ልመዱት" ብለው ሸኙን፣ ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት።

ከዛ የስራ ባልደረባዬ ስለዚች ልጅ ነገረችኝ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ናት። ቃሉን ራሱ ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ ለካ አገራችን ላይ ገና አዲስ ሙያ ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። ፊዚዮቴራፒው እግሩና እጁ እንዲበረታ ሲሰራ እሷ ደግሞ ባለው አቅም ራሱ እንዲበላ፣ እንዲለብስ፣ እንዲታጠብ ነው የምትሰራው። ቤት ስትመጣ እኛን ሳይሆን መጀመሪያ እሱን "ጋሼ፣ ራስዎ ማድረግ የሚፈልጉት ምንድነው?" ብላ ጠየቀችው። ከታመመ ጀምሮ ማናችንም እንደዚህ ጠይቀነው አናውቅም። ትንሽ ዝም ብሎ "ፊቴን ራሴ ታጥቤ፣ ተላጭቼ፣ ገብርኤልን መሳለም" አለ።

ምሳ ሲበላ ቁጭ ብላ አየችውና "አይናቸው ጤነኛ ነው፣ የተጎዳው ቀኝ አእምሯቸው ነው፣ ግራ በኩል ያለውን ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጥረው፣ ኒግሌክት ይባላል" አለችን። እናቴ ስትሰማ አለቀሰች፣ ግድ አጥቶ መስሏት ነበር።

ከዛ የትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች፣ መስታወቱም ላይ፣ የበሩ ግራ መቃንም ላይ። "ጋሼ ቀዩን እስኪያዩ ድረስ አንገትዎን ያዙሩ፣ ከዛ ነው ሌላው።" እኛንም በግራው በኩል እየተቀመጥን እንድናወራው ነገረችን። ሸሚዝ ሲለብስ መጀመሪያ የደከመውን እጅ ማስገባት፣ ሲያወልቅ ደግሞ ደህነኛውን ማስቀደም፣ ሲነሳ በሰነፈው እጁ አለመጎተት ትከሻው ስለሚጎዳ፣ ገላውን ሲታጠብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ መቀመጥ። እናቴ በፍቅር ብዛት ሙሉ ምሳውን ስታጎርሰው ነበር የከረመችው፣ አሁን አንድ ጉርሻ ብቻ ነው የተፈቀደላት፣ የቀረውን ራሱ ይበላል።

ሁለት ወር ሊሆነን ነው። ሁሉም ነገር አልተመለሰም፣ ሲደክመው አሁንም በር ይጋጫል። ግን ባለፈው እሁድ መስታወት ፊት ቆሞ ቀኙን ላጨና ሊወጣ ሲል አንገቱን ወደ ቀዩ አዞረ፣ ግራ ጉንጩን አየው፣ ተመልሶ ላጨው፣ ማናችንም ምንም ሳንለው። ከዛ በባጃጅ ገብርኤል ሄዶ ተሳልሞ መጣ።

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ። ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ እሷን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ሀዋሳ ውስጥ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ የሆስፒታል ወረቀትና የሚወስደውን መድሃኒት አዘጋጁላት፣ ደግሞ ምግብ ሰዓት ላይ ብትመጣ ይሻላል፣ ሲበላ ማየት ትፈልጋለች።