የብድር ደብተሬን ያቀለለችልኝ እህት

ወርክሾፕ፣ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። ላዩ ላይ «ብድር» ይላል። ሠራተኛ ችግር ሲገጥመው ከደመወዙ የሚቆረጥ ገንዘብ ይወስዳል፣ እኔ እጽፋለሁ። አምና ሒሳብ ልዘጋ ሳገላብጠው ግማሹ ህክምና ሆኖ አገኘሁት። የልጅ ሳንባ ምች። የእናት ዓይን። ወባ። አሁንም ወባ። ሀዋሳ የኖረ ሰው ይሄ አይገርመውም። የሦስት ወር ደመወዙን አስቀድሞ የበላም አለ። እንዳልቆርጥበት አንጀቴ አይችል፣ እንዳልተወው የእንጨት ዕዳ አለብኝ።

ዛሬ የምጽፈው ለሠራተኞቻችን የጤና ኢንሹራንስ ያስገባችልንን አንዲት የኢንሹራንስ ብሮከር ላመሰግን ነው። ስሟን ላውጣው ወይ ብዬ ስጠይቃት «ፌስቡክ ላይ አታውጣኝ፣ የፈለገኝ ካለ ስልኬን ስጠው» አለችኝ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ።

እኛ ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ የቤት ዕቃ እንሠራለን። 23 ሠራተኛ አለን። መጀመሪያ ስትመጣ «ኢንሹራንስ አለን» ብዬ ልሸኛት ነበር። «የትኛው?» አለች። አውጥቼ አሳየኋት። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ነው። «ይሄ መጋዙ ጣት ሲቆርጥ ነው። ልጁ ቤቱ ተኝቶ ሆዱን ቢያመው አይመለከተውም» አለችኝ። ለስንት ዓመት ሁለቱን አንድ ነገር አድርጌ ይዤው ኖሬያለሁ። ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትማ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ራሱ አሠሪውን ነው የሚይዘው። ተራ ህመም ሲሆን ሕጉ ፈቃዱን ነው የሚቆጥረው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የሆስፒታሉን ሒሳብ የሚከፍለው ያው ሰማያዊው ደብተር ነው።

«የቀበሌው የጤና መድን የለም እንዴ?» ያለኝም ነበር። እሱ ማህበረሰብ አቀፍ የሚባለው ነው፤ የታሰበው ለገበሬውና በግሉ ለሚሠራው ነው። ለደመወዝተኛው የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ወጥቷል፣ እኛ ወርክሾፕ ግን እስካሁን የደረሰን ነገር የለም።

ብሮከር ማለት የአንድ ኩባንያ ወኪል አይደለም። ፈቃዱን ከብሔራዊ ባንክ ያወጣል፣ ከተለያዩ ኩባንያዎች ዋጋ ይሰበስባል፣ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነው። እሷም የሦስት ኩባንያ ዋጋ ይዛ መጣች። እኔ ዓይኔ ርካሹ ላይ አረፈ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና የሆስፒታሎቹን ዝርዝር አዞረችልኝ። ሁሉም ማለት ይቻላል አዲስ አበባ ናቸው። «ከአቶቴ ተነስቶ ቦሌ ሄዶ ጉንፋን የሚታከም ሠራተኛ አለህ?» አለች። የለኝም።

ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ የእኛ ለእናንተ አይሠራም። እንደ ሰዉ ብዛትና ዕድሜ፣ እንደ ሽፋኑ ጣሪያ ይለያያል። ሁሉንም ለመግዛት አቅም አልነበረንም። እሷ ያለችው፣ ቤት የሚያፈርሰው ተኝቶ መታከም ስለሆነ እሱን ለሠራተኛውም ለሚስትም ለልጅም እንግዛ፤ ሳይተኙ የሚታከሙትን፣ ተመላላሹን፣ ለሠራተኛው ብቻ፣ ዝቅ ባለ ጣሪያ እንያዝ ነው። የሠራተኛውን አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን፣ ድርጅቱ ይከፍላል። የቤተሰቡን እኩል እንካፈላለን።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናት ግን ለአንድ ቅዳሜ ነው። ሳልፈርም ሠራተኛውን ሰብስብልኝ አለች። ማሽኑን አጠፋን። የመጋዝ ብናኝ ያለበት ጣውላ ላይ ቁጭ ብላ ፖሊሲውን፣ የኢንሹራንስ ውሉን፣ ማንበብ ጀመረች፣ እሱም ከማይሸፍነው ገጽ። ሻጭ ከዚያ ገጽ ሲጀምር አይቼ አላውቅም።

«ጥርስ?» አለ አንዱ። የለም። «መነጽር?» የለም። ሚስቱ የስድስት ወር እርጉዝ የሆነችው ልጅ ደግሞ ስለ ወሊድ ጠየቀ። «ለብቻው ተጨምሮ የሚገዛ ነው፤ እናንተ አልገዛችሁም። ብትገዙም መጠበቂያ ጊዜ አለው፣ ላንተ አይደርስም» አለችው። ልጁ ቅር አለው። እሷ ግን አላባበለችውም።

ከዚያ የጥበቃችን ተራ ደረሰ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ደም ግፊት አለብኝ። ልደብቀው ይሆን?» አሏት። «አባባ፣ እንዳይደብቁ። አሁን ከጻፍነው መላ ይኖረዋል። ደብቀው ኋላ ሲታወቅ ነው ጣጣው» አለቻቸው። በራሳቸው እጅ ፎርሙ ላይ ጻፉ። እሷም ኩባንያው ጋ ተመላልሳ፣ የቆየ ህመም አነስ ያለ የራሱ ጣሪያ ተቀምጦለት እንዲሸፈን አስደረገች። ዛሬ የግፊት መድኃኒታቸው ከደብተሬ ወጥቷል።

የካቲት ላይ ቀለም ቀቢያችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትርፍ አንጀት ተነሳበት። በባጃጅ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰዱት። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ የኢንሹራንስ ካርዱን ነገር አታውቅም፣ ማስያዣ ካልተከፈለ አልጋ የለም አለች። ለብሮከሯ ደወልኩላት። ሁለተኛው ጥሪ ላይ አነሳች። «ገንዘብ እንዳትከፍል፣ ስልኩን ለልጅቷ ስጣት» አለች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ ገባ፣ ሊነጋጋ ሲል ቀዶ ጥገናው አለቀ።

ሁሉም ነገር ግን አልተከፈለም። ሆስፒታሉ ያጣውን መድኃኒት ውጭ ገዝተን ነበር፣ ኩባንያው ደረሰኙን አልከፍልም ብሎ መለሰብን። ትሟገትልኝ ብዬ ለእሷ ደወልኩ። «በዚህስ አልሟገትም፤ ደረሰኙ ላይ የበሽተኛው ስም የለም» አለችኝ። ተናደድኩ። ኋላ ፋርማሲው ተመልሼ ስም ያለበት ደረሰኝ አስቆረጥኩና ገንዘቡ ገባ። እናንተም መድኃኒት ስትገዙ ከመስኮቱ ሳትርቁ ደረሰኙን እዩት።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ልደብቅ አልፈልግም። ወረቀት ላይ ዘገምተኛ ናት። መጋቢት ላይ ሁለት አዲስ ልጆች ቀጥረን የእነሱ ካርድ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። ዓመቱ መሃል የገባ ሰው አረቦኑ ለቀረው ጊዜ ብቻ ነው የሚሰላው፣ እሱን አስተካክላዋለች። ካርዱን ግን በስንት ውትወታ።

ስትደውሉላት የሠራተኞቻችሁን ስም ከነትውልድ ዘመናቸው፣ የሚስትና የልጆቻቸውንም ጨምራችሁ ያዙ። ያለዚያ «መጀመሪያ ዝርዝሩን» ብላ ነው የምትዘጋው። እሁድ ጠዋት ደግሞ አትደውሉ። ሌሊት የምታነሳ ሴት እሁድ ጠዋት አታነሳም፣ ሞክሬዋለሁ።